ከጆንያው በፊት ግድግዳው

በኬላ ፈታሽነት የተቀጠርኩ ዕለት የተሰጠኝ ዘንግ ነበር። ጫፉ የሾለ፣ እጀታው በቁራጭ ጎማ የተጠቀለለ ቀጭን ብረት ነው፤ ጆንያ ይወጉበታል። ጤፍ ከሆነ ዘንጉ ሳይሰማህ ይሰምጣል። ማሽላ ከሆነ ይንኮሻኮሻል። ከሰል ከሆነ እየሰበረ ይገባል። ብረት ከነካ እስከ ክርንህ ድረስ ይነግርሃል።

ኬላው ከሰንበቴ ወደ ከሚሴ በሚመጣው አስፋልት ዳር ነበር። በሁለት በርሜል መሐል የተወጠረ ገመድ፣ አንድ ክፍል ቤት፣ ረጅም በረንዳ፣ ኖራ የተቀባ ግድግዳ፤ ሌላ የለውም። የመሥሪያ ቤታችንን ስም አልጠራም። እኔ በሠራሁባቸው ዓመታት እሱ ራሱ ስሙን ደጋግሞ ስለቀየረ የትኛውን እንደምጠራም አላውቅ።

ኃላፊያችን ሳጅን ጌታቸው ነበር። መፋቂያ ከአፉ የማይለይ፣ ሲቆጣም ሲስቅም ድምፁ የማይለወጥ ሰው ነው።

«ዲፕሎማ አለው አሉኝ» አለኝ።

«አዎ።»

«በምን?»

«በታሪክ።»

«ጥሩ ነው። እዚህ የተያዘ ሰው ሁሉ ታሪክ አለው። ቁጭ ብለህ ታዳምጣለህ።»

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ከገበያ የሚመለስ የከብት ነጋዴዎች አይሱዙ ደረሰ። ከላይ የተቀመጡት አጃቢዎች ወረዱ። የከብት ነጋዴ ወደ ቆላው ሲወርድ ፈቃድ ያለው ጠመንጃ የያዘ ሰው ይቀጥራል፤ አጃቢ የሚባለው እሱ ነው። ሁሉም የጥይት ካዝናቸውን ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ፤ ጠመንጃቸውን በግድግዳው ላይ አስደገፉ። «አካም ጅርቱ?» አሉን። «ነጋያ፣ አልሐምዱሊላህ» አልናቸው። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ሻይ አዘዙ፤ እኛ መኪናቸውን መፈተሽ ጀመርን።

በመካከሉ አንዱ ጠመንጃ መንሸራተት ጀመረ። ልይዘው እጄን ስዘረጋ ሳጅን ጌታቸው ክንዴን ጨበጠው።

«ተው። የሰው ጠመንጃና የሰው ሚስት አይነካም።»

«ሊወድቅ ነው እኮ።»

«ይውደቅ። ባለቤቱ አለ።»

ጠመንጃው ወደቀ። ባለቤቱ ሳይቸኩሉ ሻያቸውን አስቀምጠው ተነሡ፣ አቧራውን በሽርጣቸው ጠረጉ፣ መልሰው አስደገፉት። ጢማቸው ሂና የተቀባ፣ ትከሻቸው ሰፊ ሽማግሌ ነበሩ። የአጃቢዎቹ አለቃ አያ ሙህዬ መሆናቸውን ኋላ ነው ያወቅኩት።

«አልነካኸውም። ጨዋ ልጅ ነህ» አሉኝ።

በሥራዬ ላይ ያገኘሁት የመጀመሪያው ምስጋና ባለመሥራቴ የተሰጠኝ ነው። ከጊዜ በኋላ የእህታቸውን ልጅ ዘሃራን ሳገባ፣ አያ ሙህዬ ለዘመዶቻቸው ጨዋነቴን የመሰከሩት ይህንኑ ጠቅሰው ነበር።

ጥሩ ፈታሽ ወጣኝ። ልኩራራ አይደለም፤ ወይም ልኩራራ፣ ማን ይከለክለኛል? በቅቤ ቅል ውስጥ ጥይት አግኝቻለሁ። በትርፍ ጎማ ውስጥ የተጠቀለለ ሽጉጥ አግኝቻለሁ። አንድ ሾፌር መቀመጫው ላይ እንደ ዕንቁላል የታቀፈውን የጠመንጃ ቃታ ከነማቀፊያው አስነሥቼዋለሁ። ሾፌሮቹ ስሜን ትተው «ዘንጉ» ይሉኝ ነበር። ገና ከሩቅ «ዛሬ ዘንጉ ተረኛ ነው» ሲባባሉ እሰማለሁ። ከዚህ የበለጠ ማዕረግ መንግሥት አልሰጠኝም፤ እኔም አልጠየቅኩ።

ነገር ግን የእኔ ዘንግ በሠራ ቁጥር ጠመንጃው በዛ። በጨፋ ሸለቆ፣ ከቦርከና ወንዝ ዳር፣ ሁለት ጎረቤት መንደሮች በበጋ ሣር ይጣላሉ። የቆየ ጠብ ነው። በዱላ ይጀመራል፣ አንድ ሁለት ያረጀ ጠመንጃ ወደ ሰማይ ይተኮሳል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ያበቃል። በነዚያ ዓመታት ግን ሁለቱም ወገን አዲስ ክላሽ ያዘ። አዲስ ክላሽ ደግሞ ወደ ሰማይ ብቻ አይተኮስም። አንድ ሰው ሞተ። ሽማግሌዎች ዕርቁን ጀመሩ፤ ዕርቁ ሳይታሰር አንዲት ጥይት ብትጮህ ግን እጃችንን እናወጣለን አሉ። ከሁለቱ መንደሮች አንዱ የዘሃራ ወላጆች መንደር ነው። በየቀኑ ማታ ስገባ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነበር። «ዛሬስ ስንት ያዛችሁ?»

ምንም አልያዝንም ነበር።

በዚያው ጊዜ ራድዮኑ ስለ ማዕቀብ ያወራል። በቀይ ባሕር ወዲያና ወዲህ ባሉ በእነዚህና በእነዚያ አገሮች ላይ የጦር መሣሪያ ማዕቀብ ተጥሏል፤ የሚሸጥም የሚያሻግርም ወዮለት ይላል። እኔ ጋዜጣ ከገጽ እስከ ገጽ፣ የስኳር መጠቅለያ የሆነውንም ጭምር የማነብ ሰው ስለሆንኩ ነገሩ ከነከነኝ።

«ሳጅን፣ ይህ ሁሉ ማዕቀብ እያለ ጠመንጃው በምን ይመጣል?»

«በጆንያ ነዋ። ዘንግህን ጠበቅ አድርግ።»

ከበላይ የመጣው መመሪያም ያንኑ አለ፤ እያንዳንዱ ጆንያ ደጋግሞ ይወጋ። ወጋን። የእህል ነጋዴዎች ጆንያችንን ወንፊት አደረጋችሁት ብለው አቤቱታ አሰሙ። ከኬላው እስከ ከሚሴ ድረስ የአስፋልቱ ዳር ጤፍ በጤፍ ሆነ። ወፎች እንደዚያ ዘመን ወፍረው አያውቁም።

ነገሩን የፈታው ሸሚዝ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ዘሃራ ከኋላዬ አየችኝ።

«የት ተጋድመህ ነው የመጣኸው?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

«ሥራህ ጀርባህ ላይ ተለጥፏል።»

በማግስቱ ሸሚዙን ይዛ መጣች። በሳሙና አሽታው እምቢ ብሏት፣ በአመድ አሽታው እምቢ ብሏት፣ መጨረሻ ላይ በላምባ ነው የለቀቀው። ጥቂቱ አንገትጌው ላይ ቀርቶ ነበር። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት።

ይህን ሽታ አውቀዋለሁ። በወጣትነቴ ብሔራዊ ውትድርና ስዘምት ዕጣዬ መጋዘን ሆኖ ነበር፤ ሥራዬም ሣጥን መክፈት። አዲስ ጠመንጃ ከፋብሪካ ሲወጣ በቡናማ፣ ጥቅጥቅ ባለ ግራሶ ተነክሮና በዘይት ወረቀት ተጠቅልሎ ነው የሚመጣው፤ የባሕር አየር እንዳያዝገው። ግራሶው ከጥፍር ሥር አይወጣም፤ እንጀራህ ላይ ሳይቀር ይከተልሃል። የእኛ አገር ሰው ጠመንጃውን የሚቀባው በሞራ ነው፤ ሲደላው በሞተር ዘይት። የፋብሪካ ግራሶ ከሚሴ ገበያ ላይ አይሸጥም።

ጀርባዬን ያስደገፍኩት ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ ነው። በኬላው ግድግዳ።

ሄጄ አየሁት። ግድግዳው በዓመታት ሞራና ላብ ጠቁሯል፤ ምኑም ከምኑ አይለይም። ሳጅንን ኖራ ግዛልኝ አልኩት።

«ባለሥልጣን ሊመጣ ነው?»

«አይ። ለዓይን ደስ ይላል።»

«አንተ ሰውዬ መጽሐፍ አበዛህ» አለኝ፤ ኖራውን ግን ገዛልኝ። ራሴ ቀባሁት።

በገበያው ቀን አጃቢዎቹ ወደ ሰንበቴ ሲወርዱ ጠመንጃቸውን አስደገፉ። ሲሄዱ አፈሙዙ በነካው ቦታ ጥቁር የሞራ ጠብታ ቀረ። ተመልሰው ሲመጡም አስደገፉ። አሁን የቀረው ቡናማ ነው። ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ትከሻው ያው ነው፣ የሚጠጡትም ሻይ ያው ነው። የተለወጠው ጠመንጃው ብቻ ነው።

በረንዳው ላይ ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ዓለም በመርከብ ሆድ ውስጥ የሚፈልገው ነገር እኛ ዘንድ ጥላ ይዞ ይቀመጥ ነበር። እኛም ማሽላ እንወጋለን።

ለሳጅን ጌታቸው አሳየሁት። መፋቂያውን ከአፉ አወጣ፤ ይህን ሲያደርግ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሰዎቹ ፈቃድ አላቸው» አለ።

«ፈቃዱ ላይ የጠመንጃው ቁጥር አለ።»

«ጠመንጃው ላይ ያለውንስ ማን ያነበዋል? ለማንበብ መንካት አለብህ። አንዱን ከነካህ ሁሉም ይነሣሉ። በረንዳዬ ላይ ደም አልፈልግም።»

«ካልነካንስ ደሙ ሸለቆው ውስጥ አይደለም የሚፈሰው?»

ፈሪ ሰው አልነበረም። የሚያዝዛቸውን ፖሊሶች ቁጥርና የአጃቢዎቹን ቁጥር ያውቃል። ቆይቶ «ዘዴ ካለህ አምጣ፤ ከሌለህ ዘንግህን ያዝ» አለኝ።

ዘዴው ሸለቆው ውስጥ ነበር። እኛ ጋ ጠብ ያላቸው ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ፣ ሰላም የፈለገው ጠመንጃውን በሁለት እጁ ያቀርባል። የተቀበለው ደግሞ የራሱን ይሰጣል። ተቀብሎ ካልሰጠ ሰላም አልፈልግም ማለቱ ነው፤ እንዲህ ያደረገ ሰው በገበያ መሐል ሰላም የሚለው አያገኝም። የሰው ጠመንጃ አይነካም፤ የተሰጠህን መቀበል ግን ግዴታህ ነው። በኬላው የኖርኩባቸውን ዓመታት ሁሉ የልማዱን ግማሽ ብቻ ስናከብር ነበር።

ለዘሃራ ነገርኳት።

«ከማን ልትጀምር ነው?» አለችኝ።

«ከአጎትሽ።»

«ለምን ከሳቸው?»

«ከሌላ ብጀምር ዘመዱን ትቶ የሰው ያያል እባላለሁ። ደግሞ እሳቸው ከሰጡ ማንም እምቢ አይልም።»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን ረመዳን እየመጣ ነው። ማን ቤት ልናፈጥር ነው?»

ሸሚዜን አቀበለችኝ፤ በላምባ የታጠበውን።

የሚቀጥለው ገበያ ሲመለስ አያ ሙህዬ እንደወትሮው ወርደው ጠመንጃቸውን አስደገፉና ተቀመጡ። ለሥራ የተሰጠኝን አሮጌ ሲሞኖቭ ጠመንጃ ጥይቱን አራግፌ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

«አያ፣ ይቺን ይያዙልኝ።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ። የሻይ ብርጭቆ ያነሣም አልነበረ።

«ምነው? ተጣልተናል እንዴ?» አሉ።

«አልተጣላንም። እንዳንጣላ ነው።»

ትክ ብለው አዩኝና ተቀበሉኝ። ሲሞኖቩን አገላበጡት፣ ሰደፉን አዩ፣ ብረቱ ላይ ያለውን የውጭ ፊደል በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ።

«ይቺ የማን አገር ሥራ ናት?»

«የውጭ ናት።»

«በማን ፈቃድ መጣች?»

«አላውቅም አያ። ያለፈው መንግሥት ያመጣት ይሆናል፤ ወይም ከሱ በፊት የነበረው።»

«ያኔስ ይሄ ማዕቀብ የምትሉት አልነበረም?»

አጃቢዎቹ ሳቁ። ሳጅን ጌታቸውም ሳያስበው ፈገግ አለ። እኔም ያነበብኩትን ጋዜጣ ሁሉ ባስታውስ መልስ አላገኝለትም፤ እስካሁንም አላገኘሁ።

«ሳይኖር አይቀርም» አልኳቸው። «ብቻ ቁጥሯና መታወቂያዬ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው። ይዩልኝ።»

መታወቂያዬን አላዩም። ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ፣ ጠመንጃቸውን አነሡ፣ ተመለሱ።

«ቢስሚላህ። እንካ» አሉ፤ በሁለት እጃቸው።

እጄ ላይ ሲያርፍ ተጣበቀብኝ። ከእንጨቱ ሥር፣ ጨርቅ በማይደርስበት ጎድጓዳ፣ ቡናማው ግራሶ አለ። የተሠራበት አገር ምልክት በሞረድ ተፍቋል፤ የተፋቀው ገና ያበራል። ቁጥሩን አነበብኩ፤ ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ፤ ሰጡኝ።

«አይገጥምም አያ።»

«አይገጥምም» አሉ፣ ምንም ሳይደብቁ። «አሮጌዬን ከጥጃ ጋር ሰጥቼ የለወጥኩት ነው። በሬ ብለውጥ ትይዘኛለህ?»

«በሬ አይተኩስም።»

«ይሄስ የት ተኮሰ? እኔ አዲሱን ለሸለቆ ልጆች እሰጣለሁ፤ እነሱ አሮጌያቸውንና ወይፈን ይሰጡኛል። አሮጌውን ይዤ እወርዳለሁ፣ አዲስ ይዤ እወጣለሁ። ቆላ ያለው ነጋዴ ከጀልባ ገዛሁ ይላል። ባለጀልባው ከወታደር። ወታደሩ ከመጋዘን። ሁሉም ከፍሏል። እዚህ ውስጥ ሌባው የቱ ነው?»

ከመጋዘኑ በላይ ያለውን እኔ ከጋዜጣ አውቀዋለሁ። አንድ መንግሥት ለሌላ መንግሥት በሕግ ይሸጣል። ገዢው የመጨረሻው ተጠቃሚ እኔ ነኝ፣ ለማንም አላሳልፍም ብሎ ይፈርማል። በፊርማው ሻጩ ይረካል፣ በማኅተሙ ወደቡ ይረካል። የመጨረሻው ተጠቃሚ ግን እኛ በረንዳ ላይ ሻይ ይጠጣል። ማዕቀብ ወደብ ይዘጋል፤ ትከሻ አይዘጋም።

ይህን ሁሉ አልነገርኳቸውም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ።

«አያ፣ ለየትኛው መንደር ነው የሚሰጡት?»

«ለሁለቱም» አሉ።

መልሳቸውን እሳቸውም ከእኔ ጋር አብረው የሰሙት መሰለኝ። ሲሞኖቬን መለሱልኝ፤ የራሳቸውን አልጠየቁኝም። ወደ አጃቢዎቹ ዞረው «ምን ተጎለታችሁ? ሰውየው ሰጥቷል፣ እናንተም ስጡ» አሉ።

በየተራ ሰጡ። አንድ የሚያጉረመርም ነበር፤ ሳጅን ጌታቸው ሽጉጡን ከወገቡ ፈትቶ፣ ጎርሶ የነበረውን ጥይት አውጥቶ፣ በሁለት እጁ አቀረበለት። ሰውየውም ሰጠ። ቁጥራቸው የገጠመውን መለስን፤ ያልገጠመውን ያዝን። ያልገጠመው ይበልጥ ነበር። አንድ ድምፅ ከፍ አላለም። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በአንድ ቀን ያን ያህል መሣሪያ ይዘን አናውቅም፤ ዘንጉም ከተሰቀለበት አልወረደም።

አያ ሙህዬ መኪናው ላይ አልወጡም። በአስፋልቱ ዳር በእግራቸው ወደ ከሚሴ ሄዱ። በዚያ ትከሻ ላይ ጠመንጃ ሳይኖር ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ረመዳን መጣ። ማንም አልጠራንም። ዘሃራ ሾርባዋን ሠርታ ለሁለታችን አቀረበች፤ «ቢያንስ ሰሐን አይጎድልብንም» አለችኝ።

የዕርቁ ቀን ሸለቆው ውስጥ ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ሁለቱ መንደሮች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ ጠመንጃው በየጭኑ ላይ ነው። አንዲት ጥይት በመሐል አልጮኸችም ነበር፤ ግን አዲሱን ጠመንጃ መሐል ላይ አስቀምጡ ሲባል የሚነሣ ጠፋ። እያንዳንዱ የሌላውን ጭን ያያል።

አያ ሙህዬ ከፊት ተቀምጠው ነበር፤ ባዶ እጃቸውን። ከወዲያ ማዶ አንዱ ሊያሳፍራቸው ፈለገ።

«ሙህዬ፣ ያንተን የት ጣልከው?»

«አማቼ ወሰደው» አሉ። «አንተም የሚወስድልህ አማች ከሌለህ ራስህ አምጣው።»

መጀመሪያ የሳቁት ሽማግሌዎቹ ናቸው። ከዚያ ያ ጠያቂው ራሱ ሳቀ፤ የሳቀ ሰው ደግሞ ጠመንጃ ታቅፎ መቀመጥ ይከብደዋል። ተነሥቶ መሐል አስቀመጠ። ሌላው ተከተለው። ዱዓ ተደረገ፣ ዕርቁ ታሰረ።

ዕርቁን ያመጣሁት እኔ ነኝ አልልም። ያን ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ገባ፣ ሣሩ ለሁሉም ተረፈ፤ ሣር የተረፈው ሰው ደግሞ ሰላም ይወዳል። ጠመንጃውንም አላቆምኩትም። ኬላችንን የሚዞር የእግር መንገድ ቶሎ ተገኘ፤ የት እንደሆነ አውቃለሁ፣ አመልክቻለሁም። ማዕቀቡን እኔ አላስከበርኩም። አንድ ግድግዳ ግን አስከብሬአለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ እስክለቅ ድረስ በዚያ ግድግዳ ላይ ሳይነበብ የተደገፈ ጠመንጃ የለም፤ በዚህ እኮራለሁ፤ ብዙ ትልልቅ ጉባኤዎች የዚህን ያህል እንኳ የሚኮሩበት የላቸውም።

ከዒድ በኋላ በነበረው ገበያ አያ ሙህዬ መጡ። ትከሻቸው ላይ የጥንቱ ጠመንጃቸው አለ፤ ሰደፉ በሽቦ የታሰረው፣ ሞራ የጠገበው። ቆላ ድረስ ወርደው፣ ከእሳቸው የገዛውን ሰው ፈልገው፣ አስመልሰውታል። ስንት እንዳስከፈላቸው አልጠየቅኩም።

በረንዳው ላይ ወጡ። ግድግዳው ላይ አላስደገፉትም። በሁለት እጃቸው አቀረቡልኝ።

«እንካ፤ አንብባት።»

ሲሞኖቬን ሰጥቻቸው ተቀበልኩ። ቁጥሩ ገጠመ።

«ዘሃራ ደኅና ናት?» አሉኝ፣ ሻያቸውን እያማሰሉ።

«ደኅና ናት፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ዓርብ ይዘሃት ና።»

አሁን ከሥራው ወጥቻለሁ። አዳዲስ ፈታሾች ምን ትመክረናለህ ሲሉኝ የምነግራቸው ይህን ነው። መጀመሪያ የራስህን ጠመንጃ ስጥ። ከዚያ ግድግዳውን እይ። ጆንያው ይደርሳል።